የወንድሜ ጣቶች፦ ከጎተንበርግ እስከ አውሮራ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ። ጎተንበርግ

የአየር ማረፊያው አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ዝናብ ያካፋል። ሹፌሩ ሻንጣዬን ሲያነሳ አቃሰተና «ምንድነው የጫንሽበት?» አለኝ። ሦስት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ ለወንድሜ ሕፃን ልጅ የሱፍ ሹራብ፣ ለእናቷ ቸኮሌት። በዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ስኖር እንዲህ ደስ ብሎኝ አውቶቡስ የተሳፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

የምሄደው ወንድሜን ለማየት ነው። ሙሉጌታ በሰባት ዓመት ያንሰኛል። ከካርቱም ተነስቶ፣ የሊቢያን በረሃ አቋርጦ፣ በጀልባ ጣሊያን ገብቶ እኔ ዘንድ የደረሰው ከአምስት ዓመት በፊት ነበር። አራት ወር ያህል አብሮኝ ተቀመጠና መለሱት። አውሮፓ ያለን ሐበሾች «እገሌ ደብሊን ሆነ» ስንል ወደዚያች ከተማ ሄደ ማለታችን አይደለም። መጀመሪያ አሻራ ወደ ሰጠበት አገር መለሱት ማለታችን ነው፤ ሕጉ ስሙን ያገኘው ከዚያች ከተማ ነው። የሙሉጌታ አሻራ ከጣሊያን መዝገብ ውስጥ ተገኘ፤ ወደ ጣሊያን ተመለሰ። እኔ ራሴ ስዊድን የገባሁት በጀርመን በኩል ነበር። ያኔ የጋራው የአሻራ መዝገብ ስላልነበረ ማንም ምንም አላለኝም። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ እኔ ቀድሜ መጣሁ።

ሁለት ዓመት ጣሊያን ከቆየ በኋላ ትዕግስት ሮም ድረስ መጥታ አገባችው። ካርቱም ሳሉ ተጫጭተው ነበር። እሷ በስደተኞች ኮታ ቀድማ አሜሪካ ገብታ ዜግነት አግኝታለች። አሁን ኮሎራዶ ነው ያሉት፤ የአንድ ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው።

ሐሙስ ከሰዓት። ዴንቨር

አውሮፕላን ስቀይር ቺካጎ ላይ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ጣቶቼን መስታወት ላይ አስቀመጠ፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። አረንጓዴ መብራት በራ። «ዌልካም» አለኝ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

የዴንቨር አየር ማረፊያ ጣሪያ ከሩቅ ሲያዩት ሜዳ ላይ የተተከለ የሠርግ ድንኳን ይመስላል። ነጭ፣ ሹል ሹል ያለ። በምሥራቅ በኩል ሣር ብቻ ነው፤ በምዕራብ በኩል በረዶ ያዘሉ ተራሮች። ሙሉጌታ በር ላይ ቆሟል። ወፍሯል፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል።

«እታለም!» አለና አቀፈኝ። በክንዱ ነው ያቀፈኝ። መዳፎቹ ጀርባዬን አልነኩም። ልብ አልኩት፣ ረሳሁት።

መኪናው ያረጀች ቶዮታ ናት። ገና ከመሳፈሬ የውሃ ጠርሙስ ሰጠኝ። «ጠጪ። እዚህ አየሩ ራሱ ነው የሚጠጣሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከንፈሬ ወዲያው ደረቀ። የዴንቨር ከፍታ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል፣ ግን እኔ ባሕር ዳርቻ ኖሬ ለምጄ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ያጥር ጀመር።

ሙሉጌታ መሃል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ይቀበላል። አየር ማረፊያ ውስጥ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ነበር፣ ግን አልገባም።

«ለምን?»

«ባጅ ያስፈልጋል።»

«ለባጁስ ምን ያስፈልጋል?»

«ወረቀት» አለና ሬዲዮ ከፈተ።

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያለው አፓርታማቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በወር ሰባት መቶ ሃምሳ ዶላር። ትዕግስት አረጋውያን ቤት ትሠራለች፤ እንደኔ። ገና ሻይ ሳንጠጣ ስለ ሺፍትና ስለ ወገብ ሕመም አወራን። ወንድሜ ልጁን ሊያጥብ ውሃ ሞላና ክርኑን ነከረ። ደግሞ ነከረ። ሦስት ጊዜ።

«በጣቱ ሙቀቱን አያውቀውም እኮ» አለች ትዕግስት። ሙሉጌታ ቀና ብሎ አያት፤ ሻይ ልትቀዳ ተነሳች። እኔም ያኔ የደረሰበት የዘይት ቃጠሎ ትዝ አለኝና አዘንኩ። ጎተንበርግ እያለ፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ዘይት ሲያፈላ ፈንጥቆ አቃጥሎት ነበር። እኔ የማውቀው ይህንን ነበር።

ዓርብ። ሃቫና ስትሪት

መኪና ከሌለህ እዚህ ሰው አይደለህም። መንገዱ ስድስት መስመር ነው፤ እግረኛ የለም። የመኪና መሸጫ፣ የኮሪያ ሱፐርማርኬት፣ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት፣ የሹሩባ ቤት፣ እንደገና የመኪና መሸጫ። ከአንድ ሐበሻ ሱቅ ፊት ፓርክ አደረግን። ገብቼ ስመለከት ከወለል እስከ ጣሪያ በርበሬ! ግማሽ ዓለም አቋርጬ ተሸክሜው የመጣሁት በርበሬ። ሳቅኩ፣ ባለሱቋም ሳቀች። እንጀራው በፌስታል አሥር አሥር ሆኖ ተደርድሯል።

ሙሉጌታ ዝርዝር ሳንቲም ሊቆጥር ሲሞክር ከጣቱ እየሸሸ ወደቀ። ባለሱቋ ከመደርደሪያው ላይ ለቅማ ራሷ ቆጠረችለት። ለምዳዋለች መሰለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገረኝ። የተሰጠው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ስለነበር አብቅቷል። ለቋሚው ሰኞ ጠዋት የአሻራ ቀጠሮ አለው። አንድ ጊዜ ሄዶ ማሽኑ አላነብም ብሎታል፤ ይህ ሁለተኛው ነው።

«አስተርጓሚ ይዘህ መምጣት ትችላለህ ብለውኛል። ትሄጃለሽ?»

«ምን ጥያቄ አለው!»

እሑድ

ትዕግስት ጴንጤ ናት። ቤተ ክርስቲያናቸው ቀድሞ መጋዘን የነበረ ትልቅ አዳራሽ ነው። ዝማሬው ሲጀምር የሰው ሁሉ እጅ ወደ ላይ ወጣ፤ ሽማግሌ፣ ጎረምሳ፣ ሕፃን ያዘለችው ሳይቀሩ። ወንድሜ ብቻ እጁን ጃኬት ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ያለቅስ ነበር።

ሰኞ ጠዋት። የአሻራ ቢሮ

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን። ጠፍጣፋ ሕንፃ፣ ግራጫ ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ ወንበር። ስልክ አጥፉ ይላል። ሠራተኛዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የእናቴ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። በትሕትና አስቀመጠችን።

የቀኙን አራት ጣት መስታወቱ ላይ አደረገ። ቀይ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችለት። ቀይ። አንድ ዓይነት ቅባት ነካ አደረገችና እያንዳንዱን ጣት በራሷ እጅ ይዛ፣ እያንከባለለች ጫነች። ስክሪኑ ላይ የኔ ጣት ቺካጎ ላይ ያሳየው ዓይነት መስመር የለም። ነጭ ነጠብጣብ፣ ጥቁር ጭረት፣ እንደተፋቀ ሳንቲም። ቀይ። ቀይ።

እጁን ገልብጣ በመብራት አየችው። እኔም ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየሁት። ጫፎቹ ሻማ የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። አሥሩም።

«ምን ደርሶበት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ተረጎምኩ። ሙሉጌታ እኔን ሳያይ «የፈላ ዘይት ነው በያት» አለ።

እኔም በልበ ሙሉነት፣ ከራሴም ጨምሬ «የፈላ ዘይት ነው። እኔ ቤት ነው የሆነው። ያከምኩትም እኔ ነኝ» አልኳት።

ሴትዮዋ እጁን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ «ዘይት ጣቶችን አይመርጥም፣ የኔ እመቤት። መዳፉ ላይ አንድም ጠባሳ የለም» አለችኝ።

ክው አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቁስል አጥቤ ኖሬያለሁ። የዘይት ቃጠሎ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ይረጫል፣ ይንጠባጠባል፣ ክንድ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ፋሻውን በየቀኑ እየፈታሁ ዓይኔ አይቶ ነበር። ልቤ ግን አላየም።

ሴትዮዋ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታች። አሻራ ሊነሳ አልቻለም የሚል ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከኖረበት ቦታ ሁሉ፣ ከስዊድንም ከጣሊያንም፣ የፖሊስ ደብዳቤና ጣቶቹ ምን እንደሆኑ የሚገልጽ ቃል በጽሑፍ ማቅረብ አለበት።

ሰኞ፣ አራት ሰዓት። ስቴፕልተን

ወደ ቤት አልሄደም። የድሮው አየር ማረፊያ ወደነበረበት ሰፈር ነዳ። ማኮብኮቢያው ላይ አሁን አዳዲስ ቤት ተሠርቶበታል፤ በረንዳ፣ ሣር፣ ብስክሌት። የመቆጣጠሪያው ማማ ግን አልፈረሰም፤ ቤቶቹ መካከል ብቻውን ቆሟል። ከሥሩ ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ።

«ዘይት አልነበረም» አለ።

«ገብቶኛል።»

«አንቺ ሥራ ስትሄጂ፣ የኤሌክትሪኩ ምድጃ ላይ። ሁለቱንም እጄን። ጎረቤት እንዳይሰማ ፎጣ ነክሼ።»

መስኮቱን አወረድኩ። የኔ ምድጃ። ማታ ከሥራ ስመለስ ሾርባ የማሞቅበት።

«ማን ነው እንዲህ አድርግ ያለህ?»

«ማንም። ጣሊያን ባረፍኩበት ካምፕ ሁሉም ያወራል። አሻራው ካልተነበበ አይመልሱህም ይላሉ። አንቺስ ከዚያ ስደውልልሽ በስልክ ምን ነበር ያልሽኝ? ‹አሻራህ ጣሊያን ከተያዘ እኔ ምንም ላደርግልህ አልችልም› አላልሽኝም?»

ብያለሁ። እውነቱን ነበር የነገርኩት፤ ሕጉን። እንዲህ ይሰማል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

ቀጠለ። ያኔ ጠዋትና ማታ ቅባት እቀባው፣ ፋሻ እቀይርለት ነበር። ቁስሉ አልድን አለ። እንዲያውም ፋርማሲ ሄጄ «መድኃኒታችሁ አይሠራም» ብዬ ከፋርማሲስቷ ጋር ተጣልቻለሁ።

«አንቺ ስትወጪ አጥበው ነበር» አለኝ።

«ቅባቱን? ለምን?»

«እንዳይድን ነዋ፣ እታለም።»

የስዊድን የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ቆዳው እስኪያገግም ቀጠሮ እያራዘመ ይጠብቅ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት እኔ የዓመት ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ፤ ከአጠገቡ አልተለየሁም። ማጠብ አልቻለም። ዳነ። በቀጠሮው ቀን አብሬው ሄድኩ። «አዩት? ቆንጆ አድርጎ ድኗል» ብዬ እጁን ገልብጬ ለመኮንኗ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እኔ! እንደ ጎበዝ አስታማሚ እየተኩራራሁ። ማሽኑ አነበበው። በአንድ ወር ውስጥ አውሮፕላን ላይ ጫኑት።

«ታዲያ ከዳነ አሁን ለምን አይነበብም?» አልኩት።

አንዲት ሴት ውሻ ይዛ አለፈች፤ እጇን አውለበለበችልን፤ ሙሉጌታ በጨዋ ደንብ ራሱን ነቀነቀላት።

ጣሊያን ውስጥ፣ ከተማ ዳር ሰው የለቀቀው ሕንፃ ውስጥ ይኖር ነበር። የጥገኝነት ወረቀት ሰጥተውታል፤ የሚያድርበት መጠለያ ግን አልሰጡትም። ጣቶቹን ለሁለተኛ ጊዜ ያበላሸው እዚያ ነው፤ ኖርዌይ ገብቶ ጥገኝነት ሊሞክር። በምን እንዳደረገው ነግሮኛል፣ እዚህ አልጽፈውም። በዚያኛው ጊዜ ቅባት የሚቀባ ሰው አልነበረም። ኖርዌይም አልደረሰም። ትዕግስት «ዜግነቴን አገኘሁ፣ ልወስድህ ነው» ብላ የደወለችለት ጣቶቹ ገና ሳይደርቁ ነበር። ሮም ላይ ቪዛ ሲሰጡት ሁለት ጣት ብቻ ጠየቁት፤ እንደምንም አለፈ። አሁን አሥር ሆነ።

ማክሰኞ። ሃቫና ስትሪት፣ ጋሽ በቀለ ቢሮ

ጋሽ በቀለ ስልሳ አልፏቸዋል። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን ከአንድ ግሮሰሪ ጀርባ የታክስና የኢሚግሬሽን ፎርም ይሞላሉ፤ ከአንዲት ጠበቃ ጋር ነው የሚሠሩት። ግድግዳቸው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕልና የዓመቱ ካላንደር አለ። ትዕግስት ሕፃኗን ታቅፋ መጥታለች። አራታችንም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን።

የሙሉጌታን እጅ አዩና «ከአውሮፓ ዞረው የመጡ ልጆችን ከእጃቸው አውቃቸዋለሁ» አሉ። «አንተ የመጀመሪያዬ አይደለህም።»

እንደገና ደነገጥኩ። እንዲህ ያደረገ ወንድሜ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሙሉጌታ ወደ እኔ ዞረ። «ዘይት ብለሽ ጻፊልኝ፣ እታለም። አንድ ቃል ናት። ትናንትም ብለሻቸዋል።»

«ትናንት አላውቅም ነበር። ዛሬ አውቃለሁ።»

«ልጅህን ተዋት ነው የምትዪኝ? አንድ ጊዜ አስመለስሽኝ፣ አሁንም ልታስመልሺኝ ነው?»

ይህን ሲል ትዕግስት «ሙሌ!» ብላ ጮኸች። ሕፃኗ አለቀሰች። ቃሉ ወጥቶ ክፍሉ መካከል ተቀመጠ።

ጋሽ በቀለ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ስማኝ ልጄ፣ ጠበቃዋ የምትለውን ልንገርህ። ጣትህን ማቃጠልህ እዚህ አገር ወንጀል አይደለም። መዋሸትህ ነው የሚያጠፋህ። የስዊድን ደብዳቤ ሲመጣ ምን የሚል ይመስልሃል?»

ሙሉጌታ አንገቱን ደፋ። «ሆን ብሎ ነው የሚል አለበት። ያኔ አንብበውልኛል።»

መኮንኗ አውቃ ነበር። እጁን ገልብጬ ሳሳያት፣ ፈገግ ስትልልኝ አውቃ ነበር። ትዕግስት ታውቃለች፣ መዝገቡ ያውቃል፣ ካምፑ ሙሉ ያውቃል። ያላወቅሁት በእጄ ያከምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ንገራት› እለው ነበር፣ ወይንዬ» አለችኝ ትዕግስት። ስሜ ወይንሸት ነው፤ እሷ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «‹ከሰማች ራሷን ትወቅሳለች› ይለኛል።»

ወንድሜ ተነስቶ ወጣ። በመስኮቱ እናየዋለን። ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናው አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ቆመ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። ትዕግስት ልትነሳ ስትል ጋሽ በቀለ በእጃቸው ከለከሏት። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጻፉ» አለ ቆሞ። «ሁለቱንም ጻፉ። የጣሊያኑንም። ትናንት ዘይት ብዬ መዋሸቴንም ጻፉ።»

እሱ በአማርኛ ተናገረ፣ ጋሽ በቀለ በእንግሊዝኛ ጻፉ። የእኔንም ለብቻ ጻፍን። ወንድሜ ጣቶቹን ያቃጠለው በእኔ ቤት፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ መሆኑን፤ ሰኞ ዕለት ዘይት ነው ያልኩት እውነት መስሎኝ መሆኑን። መጨረሻ ላይ «የተመለሰው እኔ ስላዳንኩት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ።

ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄንን ማንም አልጠየቀሽም፣ ልጄ።»

ሙሉጌታ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም፤ ትዕግስት በጆሮው ተረጎመችለት።

«ይውጣ» አለ። «እሷ ባታክመኝ እጄ ይበሰብስ ነበር። ከተጻፈ እሱ ይጻፍ።»

ጋሽ በቀለ የእኔን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው የእሱን ጻፉ። ፈረምን።

ሐሙስ ጠዋት። ወደ አየር ማረፊያ

ትናንት ቀኑን ሙሉ በረዶ ጣለ፣ ዛሬ ፀሐይ ወጥቶ ሁሉም ቀለጠ። ጸደይ እዚህ እንዲህ ነው ይላሉ። በሎውሪ በኩል አለፍን። ድሮ የአየር ኃይል ሰፈር ነበር፤ አሁን መኖሪያና ትምህርት ቤት ሆኗል። ሙሉጌታ እዚያ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ይማራል። ሕንፃውን አሳየኝ፣ ክፍሉ የትኛው መስኮት እንደሆነ ሳይቀር።

ቤንዚን ለመሙላት ቆምን። ሲመለስ «ማክሰኞ ክፉ ቃል ተናገርኩሽ» አለኝ።

«እውነት ነው እኮ።»

«እውነት አይደለም። ተናድጄ ነው።» ሞተሩን አስነሳና «የዚያን ሁለት ሳምንት ምግብ አንቺ ነበርሽ የምታጎርሽኝ። አስታወስሽ? እጄ ታስሮ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም። ቅባቱን ላጥበው እፈልግ ነበር፣ ደግሞ ያ ሁለት ሳምንት እንዲያልቅ አልፈልግም ነበር» አለኝ።

መንገዱ ዳር ዳሩን ሣር ብቻ ነው።

ጎተንበርግ፣ ከሦስት ወር በኋላ

ይህን ማስታወሻ እስካሁን ሳልለጥፍ የቆየሁት ነገሩ እስኪለይለት ነው። ዛሬ እሑድ ጠዋት ሙሉጌታ ደወለ።

«መጣ!»

«ምኑ?»

«ካርዱ። የአሥር ዓመት። በፖስታ መጣ፤ ትዕግስት መንገድ ላይ ጮኸች፣ ጎረቤት ወጣ።»

እኔም ጮህኩ። አለቀስኩ፣ ሳቅኩ። ካርዱን አንብብልኝ አልኩት፤ እንደ ልጅ። ስሙን አነበበ። የትውልድ ቀኑን አነበበ። ፎቶው እንዳላማረ ነገረኝ።

«ደግሞ እዚህ ጥግ ላይ የአሻራ ቦታ አለ» አለ።

«ምን ይላል?»

አንድ በአንድ ፊደል እየቆጠረ፣ በሚማረው እንግሊዝኛ አነበበልኝ። ከዚያ በአማርኛ «‹አሻራ አልተገኘም› ይላል» አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም።